ካርቶኑ ገንፎ ሆነ፦ ለዳንቴል ሥራ ታጥቦ የማይፈርስ ማጠንከሪያ ምን አለ?

መነሻው

ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። እንጀራዬ ዳንቴል ነው። ቦርሳ፣ ኮፍያ፣ የዳቦ ማቅረቢያ፣ የልጆች መጫወቻ ማስቀመጫ፣ ያዘዙኝን እሠራለሁ። ጥያቄውን እዚህ መድረክ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። መልሱ ከሃያ ሲያልፍ ሰዉ ከላይ ሳያነብ ያንኑ እየደጋገመ መጠየቅ ጀመረ። ስለዚህ የተባለውን ሁሉ በተራ ቁጥሩ በራሴ አፍ ላውራላችሁ። ማን ልክ እንደመሰለኝም ጣል አደርጋለሁ። ጥያቄው የኔ ነው፣ ምን ይደረግ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት የደሴ ደንበኛ ለእህቷ ሰርግ ክብ የዳቦ ማቅረቢያ አዘዘችኝ። ድፎ እንዲይዝ ሰፋ ያለ፣ ነጭ፣ ዙሪያው ቅጠል ቅጠል ያለው። ታቹን ድርብ ካርቶን ቆርጬ በሁለት ዳንቴል መሃል ቀረቀርኩት። ጎኑን በስኳር ውሃ ነክሬ ድስት ላይ ደፍቼ አደረቅኩት። ሲደርቅ በጣት ሲመቱት ኳ ይላል። ፎቶ አነሳሁ፣ ለጠፍኩ፣ አድናቆቴን ሰበሰብኩ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ደንበኛዬ ሐረጎን ወርዳ ከተፍ አለች። በፌስታል ይዛዋለች። ጠረጴዛዬ ላይ ስትገለብጠው ዘጭ አለ። ካርቶኑ ገንፎ ሆኗል። ቡናማ ውሃው ነጩን ክር ዘልቆ ጠርዙ ላይ እንደ ሻይ ደርቋል። ቀጥ ብሎ የነበረው ጎን እንደ በግ ጆሮ ተንጠልጥሏል። ቅቤ ነክቶት ስለነበር በሙቅ ውሃና በኦሞ አጥባዋለች። ምን ታድርግ፣ የምግብ ዕቃ አይደል? አልተቆጣችም። ዝም ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ገንዘቧን መለስኩ፣ ሌላ በነጻ ልሠራላትም ቃል ገባሁ።

የጠየቅኩት ይህን ነው፤ ዳንቴልን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም፣ ደጋግሞ ቢታጠብ የማይፈርስ፣ ክሩን የማያበላሽ ምን አለ? ሦስት ነገርም አስቀምጬ ነበር። ኮምቦልቻ ወይም ደሴ የሚገኝ ይሁን። ዋጋው ከክሩ አይብለጥ። ደንበኛዋ አስተጣጠቡን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አይጠበቅባት። ሦስተኛዋን ብዙ ሰው ዘሎ አለፋት።

መልሶቹ

መልስ 1 ከደሴ ነው፣ ትሑት ነው። አይዞሽ ብላ ጀመረች፣ እሷም አንድ ኮፍያ እንዲሁ እንደሞተባት ተናገረች። መድኃኒቱ ግን አሚዶ ነው ባይ ናት። አንድ የሾርባ ማንኪያ አሚዶ በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ ሁለት ብርጭቆ የፈላ ውሃ እየጨመሩ ይማሰላል፣ ሲወፍርና ጠራ ሲል ይወርዳል። ዳንቴሉ ይነከራል፣ ሳይጠመዘዝ በመዳፍ ይጨመቃል፣ በስፒል ተወጥሮ ይደርቃል። ቀዝቃዛ ውሃው ከቀረ እብጥብጥ እንደሚይዝ አደራ ብላለች። አሠራሩ ልክ ነው። እናቴም እንዲሁ ነበር የምትሠራው።

መልስ 2 ግን ቶሎ አረመቻት፣ ያውም በጨዋ ደንብ። አሚዶ በውሃ የመጣ ነው፣ በውሃ ይሄዳል። ለቴሌቪዥን ልብስና ለሶፋ ዳንቴል ጥሩ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሲቆሽሽ አሚዶውም ቆሻሻውም አብሮ ይለቅና ለበዓል እንደ አዲስ ይነከራል። በልጅነቷ ሸዋ በር እናቷ ቤት ለዓመት በዓል ዋዜማ ሁሉ ዳንቴል በአሚዶ ይታሽ እንደነበር አስታውሳለች። የዳቦ ማቅረቢያ ግን በየሳምንቱ ይታጠባል። በየሳምንቱ አሚዶ ማን ያማስላል? አሚዶ ያለበት ዳንቴል ቁም ሳጥን ውስጥ ከቆየ በረሮ እንደሚጠራም አክላለች። ይህን ሳነብ ቁም ሳጥኔን ከፍቼ አየሁ። አልዋሽም፣ እውነቷን ነው።

መልስ 3 ስለ ስኳር ነው። እሷም የኮምቦልቻ ልጅ ናት፣ እንደኔው ተቃጥላለች። የአበባ ማስቀመጫ በስኳር አድርቃ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። ሙቀት ሲጠነክር መጣበቅ ጀመረ። አቧራው ተለጠፈበት። በማግስቱ ከግድግዳው ስንጥቅ እስከ ማስቀመጫው የጉንዳን ሰልፍ አየች። ከዚያ ወዲያ ስኳር ለሻይ ብቻ ነው ብላ ወሰነች፣ እሱም በዚህ ዋጋ ከተገኘ።

በመልስ 4 አንዱ ወንድም ገባ። ነጭ የእንጨት ኮላ ግማሽ ለግማሽ ከውሃ ጋር ደባልቆ የገና ኮከቦች እንደሠራ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ድንጋይ እንደቆዩለት ጻፈ። ኮከብ ግን አይታጠብም፣ ይሰቀላል። ይህን ልነግረው ስል መልስ 5 ዋጋ ጠየቀች። የዳቦ ማቅረቢያው ስንት ነው አለች። እዚህ የፈረሰ ዕቃ እያለቀስኩ ነው፣ እሷ ታዛለች። በውስጥ መስመር መለስኩላት። (አዘዘች፣ እግዜር ይስጣት።)

መልስ 6 ካርቶኑን በፌስታል ጠቅልሎ በፕላስተር ማሸግን አመጣ። ይህን እኔም ሞክሬዋለሁ፣ ስለዚህ ልምከራችሁ፤ ተዉት። ዳንቴሉን ስትሰፉበት መርፌው ፌስታሉን ይወጋዋል። ውሃው በዚያ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ውስጡ ታሽጎ ይበሰብሳል። ሳምንት ሲሞላው የሚሸተው ሽታ ካርቶን ብቻውን ከሚሸተው ይብሳል።

መልስ 7 አናጺ ናቸው፣ ሮቢት አካባቢ የሚሠሩ። ስለ ኮላው ሊያርሙ ነው የመጡት፣ ረጋ ብለው ጻፉ። ተራው ነጭ ኮላ ከደረቀ በኋላም ውሃ ውስጥ ከቆየ ነጭ ሆኖ ይለሰልሳል። ውሃ የሚቋቋም ዓይነት አለ፤ ጣሳው ላይ ዲ1፣ ዲ2፣ ዲ3፣ ዲ4 እየተባለ ይጻፋል፣ ቁጥሩ ሲጨምር ውሃ መቻሉ ይጨምራል። ዲ3 ለወጥ ቤት እንጨት ይበቃል። ግን ኮላው የተሠራው ለእንጨት ነው፣ እንጨት ደግሞ አይታሽም። ክር ይታሻል፣ ይጠመዘዛል። ኮላ የጠጣ ክር ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ላይ ይበጠሳል። ይህን የሚያህል መልስ ከአናጺ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። የ4 ባለቤት ግን ተከፋ። በመልስ 8 ተመልሶ ኮከቦቹ እስካሁን እንዳሉ በፎቶ አስረዳ። ማንም አልካደውም እኮ።

መልስ 9 ሽቦ ነው። የባርኔጣ ክፈፍ ላይ ሽቦ አስገብታ ዙሪያውን በዳንቴል ሸፍናዋለች። መጀመሪያ አማረ። ሁለቴ ሲታጠብ ዛገ። የዝገቱን ነጠብጣብ ለማስለቀቅ በረኪና ስትጨምርበት ጭራሽ ደመቀ። እዚህ ላይ ሦስት ሰው ተከታትሎ ገባ። መልስ 10 በረኪና ዝገትን እንደሚያባብሰው፣ ሎሚና ጨው ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት እንደሚሻል ነገራት። መልስ 11 የኤሌክትሪክ ሽቦ ፕላስቲኩን ሳይልጡ መጠቀምን መከረ። መልስ 12 ደግሞ ያንንም ሞክሮ ጫፉ ተጋልጦ ስለነበር መዳቡ አረንጓዴ አውጥቶ ክሩን እንደቀባው አወጋ። ጫፉን አጥፎ በሻማ እሳት ፕላስቲኩን አቅልጦ መዝጋት ያስፈልጋል ይላል። ደግሞም ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ከታጠፈ ይሰበራል፣ የተሰበረው ጫፍ ዳንቴሉን በስቶ ይወጣል። ለልጅ ኮፍያ እንዳታስቡት። ይህን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

መልስ 13 ከጅዳ የጻፈች የደሴ ልጅ ናት። እዚያ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ ባለ ቀዳዳ የፕላስቲክ መረብ እንደሚሸጥ፣ በመቀስ ተቆርጦ በቀዳዳው ክር እንደሚገባ፣ እሷ ሦስት ቦርሳ እንደሠራችበት፣ ቦርሳዎቹም በማሽን እንደሚታጠቡ ነገረችን። መልካም ነበር። መልስ 14 ግን ጥርሱን አወጣ። ጥያቄው የኮምቦልቻና የደሴ ገበያ መሆኑን ያላነበበ ሰው ለምን እንደሚጽፍ ጠየቀ፣ ጅዳ ያለ አክስት ሁሉም ሰው እንደሌለው አሾፈ። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችም። አሳዘነችኝ። የሰጠችው ሐሳብ እኮ በኋላ የመጣው ሁሉ ሥር ነው። ፕላስቲክ ውሃ አይጠጣም። ቀዳዳው ደግሞ ክሩ የሚያዝበት ነው። መረቡ እዚህ ከሌለ፣ ፕላስቲክና ቀዳዳ እዚህ አይጠፋም።

መልስ 15 ይህን ይዞ ተነሳ። ከሃይላንድ ጎን ላይ ክብ ቆርጦ የኩባያ ማስቀመጫ ታች እንዳስገባ ነገረን። ነጻ ነው፣ በየመንገዱ ወድቋል። እኔም ተደስቼ ነበር።

መልስ 16 ደስታዬን ቀዘቀዘው። ደሴ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው። ጠርሙሱ ሥር ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለውን ቁጥር እንድናይ አሳሰቡ። የሃይላንድ 1 ነው። 1 ቁጥር 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፣ ቅርጹንም ይለቃል። የዘይት ጀሪካን ብዙውን ጊዜ 2 ነው፣ የሚቀልጠው 130 ዲግሪ አካባቢ ነው። የባልዲ ክዳን ብዙ ጊዜ 5 ነው፣ እሱ እስከ 160 አካባቢ ይችላል። የፈላ ውሃ ደግሞ እዚህ 100 አይደርስም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል 94 ገደማ ነው። ስለዚህ ማንኛዋም እናት የፈላ ውሃ ብትደፋበት 2 እና 5 ቁጥር አይቀልጡም፣ 1 ቁጥር ግን ይኮማተራል። እንዲህ ነው መምህር!

ከዚያ ውይይቱ መንገድ ሳተ። መልስ 17 ደሴ ባቄላ የማይበስለው ለዚህ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። መልስ 18 ኮምቦልቻ ወርደሽ ቀቅይ፣ ከሰሉ ለትራንስፖርቱ ይበቃል ዓይነት ነገር ጻፈ። አንድ የደሴ ሰው ተቆጥቶ፣ የኮምቦልቻ ሰው በላብ እንደሚቀቀል፣ ለዚያ ምድጃም እንደማያስፈልገው መለሰ። ጉም፣ ሙቀት፣ ጦሳ፣ ቦርከና ሁሉ ተነሳ። ይህን ሁሉ አልተርክም። እየሳቅኩ ነበር ያነበብኩት፣ ዳንቴል ግን የለበትም።

እነሱ ሲከራከሩ እኔ ፈተንኩ። ሦስት ክብ ቆረጥኩ። አንዱን ከሃይላንድ፣ አንዱን ከቢጫ የዘይት ጀሪካን፣ አንዱን ከቀለም ባልዲ ክዳን። ብረት ትሪ ላይ ደርድሬ የፈላ ውሃ ከማንቆርቆሪያ አፈሰስኩባቸው። የሃይላንዱ ውሃው ሳይዳረስ ተንቀሳቀሰ። ጠርዙ ተነሳ፣ ወደ ውስጥ ተጠቀለለ፣ እሳት እንደነካው ቆዳ ተጨማደደ። ስዘቀዝቀው የጣት ቆብ አክሏል። የጀሪካኑ ለስለስ አለ፣ ስጫነው ይታጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ወደ ነበረበት ተመለሰ። የባልዲው ክዳን ምንም አልመሰለውም። ፎቶውን ለጠፍኩ። የ15 ባለቤት ተሸንፌያለሁ ብሎ ሳቀ። እንዲህ ያለ ሰው ይብዛልን።

መልስ 22 ከዚህ ሁሉ ቁም ነገር ያለው ማስጠንቀቂያ ነበር፣ አነጋገሩ ግን የመረረ። ጀሪካን ከየትም አንስተው የዳቦ ዕቃ ሥር የሚያስገቡ ሰዎች እንዳሉ፣ የፀረ ተባይ መድኃኒት የያዘ ጀሪካን ታጥቦም እንደማይጠራ፣ ለምግብ ዕቃ የዘይቱ ብቻ መሆን እንዳለበት ጻፈ። ቃሉ ቢከብድም እውነት ነው። እኔ የራሴን ቤት ጀሪካን ብቻ ነው የምቆርጠው። ከቁራሌው የገዛሁትን ለምግብ አልነካውም።

መልስ 23 የራጅ ፊልም ነው። ያረጀ ራጅ በረኪና ውስጥ ሲነከር ጥቁሩ ይለቅና የጠራ ፕላስቲክ ይቀራል። እሷ በዚያ የባርኔጣ ክፈፍ ሠርታለች። ይታጠፋል፣ ይመለሳል፣ አይሰነጠቅም። መልስ 24 ግን የሰው ሳንባ ለብሶ መዞር ነውር ነው አለ፣ የታማሚው ስም ያለበትን ፊልም እንዴት አገኘሽው ብሎም አፋጠጣት። የራሷ የጉልበት ራጅ መሆኑን መለሰች። ከዚህ በላይ የማን ሊሆን ይችላል? ለባርኔጣ ራጁን እኔም ወድጄዋለሁ። ባርኔጣ በለብ ያለ ውሃ ነው የሚታጠበው። ለዳቦ ዕቃ ግን አልመርጠውም፣ እሱም የሃይላንድ ዘመድ ነው።

መልስ 25 ፒያሳ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው። ቦርሳ ለምትሠሩ ይህን አንብቡ። የሸሚዝ ኮሌታ ውስጥ የሚገባው ማጠንከሪያ ጨርቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በካውያ ሙቀት የሚጣበቅ፣ አንዱ የሚሰፋ። የሚጣበቀው በደንብ ካልተካወየ ወይም በጣም ሙቅ ውሃ ካገኘው እየተላቀቀ አረፋ ያወጣል። ደግሞ ዳንቴል ቀዳዳ ስለሆነ ማጣበቂያው በቀዳዳው ያበራል። ስለዚህ እሱ የሚሰፋውን ዓይነት ከአቡጀዲ ገበር ጋር ሰፍቶ ከዳንቴሉ ኋላ ያስገባዋል። አቡጀዲው ሳይቆረጥ በፊት በሙቅ ውሃ ይታጠብ፣ አለዚያ በኋላ ገበሩ ይሰበሰብና ቦርሳው ይጨማደዳል። አንድ ቦርሳዬ ለምን ፊቱን እንዳጨማደደ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ መልስ 26 መጣች። ምላሷ ስለት ነው። ሁላችንም ምን እናስገባበት እያልን ስንሯሯጥ ጥፋቱ እጃችን ላይ መሆኑን አለማየታችን እንደሚያስቃት ጻፈች። በወፍራም ኪሮሽ (የዳንቴል መሥሪያው መርፌ) ልል አድርጎ የተሠራ ዳንቴል ብረት ቢገባበትም ይተኛል። ክሩ ድርብ ይሁን፣ ኪሮሹ ከተለመደው በአንድ ሁለት ቁጥር ይነስ፣ አጭሩ ዓይነት አሠራር ይሁን፣ እጅ ይጥበቅ። እንዲህ የተሠራ ቅርጫት ካርቶንም ስኳርም ሳይፈልግ ይቆማል። ጎኑን ለማቆም ደግሞ ገመድ ላይ መሥራት ነው፤ ገመዱን መሃል አድርጎ ክሩን በላዩ እየጠመጠሙ መዞር፣ ልክ እንደ ስፌት። ሌማት የምትሰፋ የወሎ ሴት ይህን ከማን ተማረች ብላ ጠየቀችን። ፎቶዬንም ከላይ አይታው ነበርና የኔ ሥራ በዓይን ብቻ የሚያምር፣ በእጅ ሲነካ የሚያፍር መሆኑን ሳትደብቅ ተናገረች።

ተናደድኩ። መልስ 27 ለኔ ወገነች፣ ጀማሪ ማሸማቀቅ ይብቃ አለች። (ጀማሪ አይደለሁም፣ ስምንት ዓመቴ ነው። ይህ ደግሞ ባሰ።) መልስ 28 ሁለቱንም እንዲያበርዱ ጠየቀ። ሌሊቱን ግን የ26ን ነገር አሰብኩት። ጠዋት ተነስቼ የቆየ ሥራዬን አንስቼ በብርሃን አየሁት። በመሃሉ ጣቴ ይታያል። ደካማ ነው። ሴትየዋ ቃሏ ቢከረክርም ዓይኗ አልዋሸም።

ስለ ገመዱ መልስ 29 ላይ አንድ እርማት አለ፣ ጠቃሚ ነው። ገመዱ ቃጫ ከሆነ ውሃ ይጠጣል፣ ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፣ ነጭ ክር ላይ ቡናማ ያወጣል። ደሴ በክረምት ጉሙ ሳይገለጥ ሳምንት ሲያልፍ እንዲህ ያለ ቅርጫት ይሻግታል። የናይለን ገመድ፣ ልብስ የሚሰጣበት ዓይነት፣ ውሃ አይዝም። ኮምቦልቻ ግማሽ ቀን ፀሐይ ይበቃዋል። ሌማት ደግሞ ታጥቦ አያውቅም፣ ይጠረጋል እንጂ፤ ስለዚህ የ26 ምሳሌ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚወስደው።

መልስ 30 ጡረታ የወጡ አባት ናቸው፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያገለገሉ። ስለ ዳንቴል አላወቁም፣ ስለ ድር ግን ያውቃሉ። ድሩ መሸመኛው ላይ ከመውጣቱ በፊት አሚዶ ይጠጣል። ማግ በመሃሉ ሲመላለስ እንዳይበጠስ ነው። ጨርቁ ተሸምኖ ሲያልቅ አሚዶው ታጥቦ ይወጣል፣ ካልወጣ ቀለም እኩል አይዘልቅም። እና የሚያጠነክር ነገር ሁሉ ለጊዜው ሊሆን እንደሚችል፣ ሲጀመር እንዴት እንደሚወጣ ታስቦ እንደሚገባ አስረዱን። ነገሩን ያበራልኝ ይህ ነው። እኔ እንዴት እንደማስገባ እንጂ እንዴት እንደሚወጣ አስቤ አላውቅም ነበር።

መልስ 31 ያንኑ ወደ እጅ ሥራ አወረደችው። ታቹን ሁለት ክብ ዳንቴል አድርጋ ትሠራለች። ዙሪያውን ትገጥማለች፣ አንድ መዳፍ የሚያህል ግን ክፍት ትተዋለች። ፕላስቲኩ በዚያ ይገባል፣ በቁልፍ ይዘጋል። ሲቆሽሽ ፕላስቲኩ ይወጣል፣ በጨርቅ ይወለወላል፤ ዳንቴሉ ብቻውን እንደ ልብስ ይታጠባል። ፕላስቲኩ ቢሰበር ሌላ ይቆረጣል። ሥራው አይጣልም።

ከዚህ በኋላ የመጡትን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። መልስ 32 የአክሪሊክ ሹራብ ክር በካውያ ሲነካ ለዘለዓለም ልል እንደሚሆን አስጠነቀቀች፣ ጥጥ ይሻላል። መልስ 33 ስለ ክር ዋጋ አለቀሰች፣ ሁላችንም አለቀስን። መልስ 34 ለጀበና ማቶት ፕላስቲኩን ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። አይቻልም! ከከሰል የወረደ ጀበና ውሃ ከሚፈላበት ይበልጣል፣ ፕላስቲኩንም አክሪሊኩንም ያቀልጠዋል። ለማቶት የአቡጀዲ ቅዳጅ ገምዶ በጥጥ ክር መጠምጠም ነው። ይህን የመለስኩት እኔ ነኝ፣ ቁጥሩ 35 ነው።

እኔ የሠራሁት

ለደሴዋ ደንበኛ አዲሱን እንዲህ ሠራሁት። ክሩ ጥጥ፣ ድርብ። ኪሮሹን ከ4 ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር አወረድኩት። የመጀመሪያውን ቀን ጣቴ አበጠ፣ የ26ን ስም ደጋግሜ አነሳሁ። ጎኑ የናይለን ገመድ ላይ ተሠራ።

ታቹ ከጀሪካን ነው። የቀለም ባልዲ ክዳኑ ፈተናውን ቢያልፍም ቀለም የነካው ለዳቦ አይሆንም፣ የልጆች መጫወቻ ማስቀመጫ ሥር ገባ። ጀሪካኑን ከሰፊው ጎኑ ቆረጥኩት። ጎኑ ጎበጥ ያለ ስለሆነ የፈላ ውሃ አፍስሼበት ገና ሳይቀዘቅዝ በሁለት ጣውላ መሃል አድርጌ የወፍጮ መጅ ጫንኩበት። ሲነጋ ዝርግ ሆኖ አደረ። የዘይቱ ቅባት በአንድ እጥበት አይለቅም፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሦስቴ አጠብኩት። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ ያልታሸ ጠርዝ ክር እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ክቡ ከዳንቴሉ በአንድ ጣት ውፍረት ያንሳል፣ ዳንቴል ሲታጠብ ትንሽ ይሰበሰባልና።

ጎኑ ከታቹ ጋር ለሚያያዝባቸው ትንንሽ ሥራዎች፣ ለኩባያ ማስቀመጫ ለምሳሌ፣ ቀዳዳ መብሳት ይሻላል። ወስፌ አግላችሁ ከጠርዙ ገባ ብላችሁ በትንሽ ጣት ጥፍር ርቀት ብሱት። እንደ ቅቤ ይገባል፣ የሻማ ሽታ ይሸታል። ደጅ ላይ አድርጉት። ከዚያ ኪሮሹን በየቀዳዳው እያስገቡ መጀመር ነው። ይህ አይወጣም፣ ግን 2 ቁጥር ስለሆነ ከነዳንቴሉ ይታጠባል።

ከመላኬ በፊት ሦስቴ አጠብኩት። አንዴ በእጅ፣ አንዴ በፈላ ውሃ፣ አንዴ ጎረቤቴ ማሽን ውስጥ ክቡን አውጥቼ። ሦስተኛው ላይ ጎኑ ትንሽ ዘመም ብሎ ነበር፣ እርጥብ እያለ ድስት ላይ ስደፋው ተመለሰ። በሚኒባስ ለደሴ ላክሁት።

መልስ 36 የደንበኛዋ ናት። መድረኩ ላይ እንዳለች አላውቅም ነበር፣ ሁሉንም አንብባዋለች፣ የገንፎውን ነገር ሳይቀር። ማቅረቢያው ቆሟል፣ ወድዳዋለች። አንድ ስሞታ ግን አለባት። ክቡን ማውጣት ረስታ ማሽን ውስጥ ከተተችው። መሃል ላይ ቁልፉ ተበጠሰ፣ ክቡ ወጣና በሩን እንደ እንግዳ እያንኳኳ እጥበቱ አለቀ። ክቡም ዳንቴሉም ደህና ናቸው። ቁልፉ ግን አልተገኘም። ዚፕ ይሁንልኝ አለች።

የብረት ዚፕ ይዝጋል። ደሴ ሰኞ ገበያ የፕላስቲክ ዚፕ፣ ነጭ፣ አጠር ያለ፣ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ከታች ጻፉልኝ።